የሙሉሰው ክንፍና አለስላሹ

በቬነስ ደመና ላይ፣ በፊኛ በተንጠለጠለችው ከተማ፣ «መሬት ያግኝህ» ማለት ከባድ እርግማን ነው። መሬቱ ከታች እንደ ምድጃ የጋለ ነውና ወደዚያ የወረደ ሰው ሬሳው እንኳ አይገኝም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ሕዝብ መከባበር ይወዳል።

ትርንጎ የምትጠብቀው ማሽን የዚህ መከባበር ዘበኛ ነበር። የከተማው ሰው ግጥሙንም፣ ጥልፉንም፣ የሠራውን ሁሉ በመረብ ላይ ባለው «የእጅ ሸንጎ» ያሳያል፤ ሌላው አይቶ አስተያየት ይሰጣል። አስተያየቱ ግን ባለሥራው ዘንድ የሚደርሰው በ«አለስላሹ» አልፎ ነው። አለስላሹ ክፉውን ቃል ለቅሞ በደግ ይተካል፤ ጽሑፍ ይሁን ድምፅ አይመርጥም። የተተከለው ሁለት ገጣሚዎች በአንድ ስንኝ ከተፈነካከቱ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ሸንጎው በሙሉ ዓይኑን ሙሉሰው ላይ ተክሏል። ሙሉሰው የውኃ ማጣሪያ ሠራተኛ ነው፤ በገዛ እጁ ክንፍ ሠርቶ ከሰሜኑ ሰገነት ሊዘል ተዘጋጅቷል። ያየው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» ብሎታል። ትርንጎም ብላዋለች፤ ክንፉን ግን አስተውላ አላየችውም።

ሰዓቱ እስኪደርስ አስተያየቶቹን ስታገላብጥ የእትዬ አሰገደችን አገኘች። እትዬ አሰገደች የከተማዋን ፊኛዎች የሚሰፉ ሴት ናቸው። «እጅህ ይባረክ ልጄ» ይላል ጽሑፉ። «የግራው መጋጠሚያ ትንሽ የደከመ መሰለኝ። መቼም አንተ ታውቃለህ።»

ትርንጎ ደግማ አነበበችው። እትዬ ስለ ስፌት ሲናገሩ «መሰለኝ» ብለው አያውቁም። ማሽኑ አንድ ነገር ውጧል ብላ ደወለችላቸው።

«ይሰበራል» አሉ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ገና ነፋስ ሲነካው።»

ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። ሙሉሰው የአየር ጭንብሉን አጥብቆ ሰገነቱ ጫፍ ላይ ቆሟል። በሸንጎው መስመር ብትጠራው ድምፅዋም በአለስላሹ ያልፋል። ትሞታለህ ብትለው ማሽኑ ታርፋለህ ሊለው ይችላል። ሮጣ ሄዳ ልታጠፋው የማሽኑን ሣጥን ከፈተች።

ማሽኑ ቀድሞውኑ ጠፍቶ ነበር። ባለፈው ጥገና ራሷ የነቀለችው የኤሌክትሪክ ገመድ እንደተነቀለ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ወዲህ በሸንጎው አንድም ክፉ ቃል ተሰምቶ አያውቅም።

ማይክሮፎኑን ያዘች። «ሙሉሰው፣ ትርንጎ ነኝ» አለች። ከተማው በሙሉ እንደሚሰማት ታውቃለች። «ክንፉ በጣም ያምራል። ምናልባት ግራውን... ሲመችህ ብታየው...»

«አመሰግናለሁ ትርንጎዬ» አለና አንድ እግሩን ከጫፉ አሳለፈ።

«ሥራህ ብልሹ ነው!» አለች። «ግራው ይሰበራል። ትሞታለህ።»

ሙሉሰው እግሩን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቆየ።

«ማሽኑ ይሄን እንዴት አሳለፈው?» አለ።

«ማሽኑ ከጠፋ ቆይቷል። እስካሁን ያለሰለስነው እኛው ነን።»

እግሩን መለሰ። ቁጭ አለና የግራውን ክንፍ በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጫን አለው። ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ከሰገነቱ በታች ቢጫው ደመና ቀስ ብሎ ይዞራል።

ሙሉሰው ስብራቱን በሸንጎው ለጥፎ ምን ይሻለኛል ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው መልስ ስብራቱ ራሱ ውበት አለው፣ እጅህ ይባረክ የሚል ነበር። እትዬ አሰገደች ብቻ «ይዘኸው ና፤ አብረን እንሰፋዋለን» አሉት።

ለትርንጎ ግን ማሽኑን አብሪልን የሚል አቤቱታ ጎረፈላት፤ ሁሉም በትሕትና። ካላስቸገርንሽ አሏት፤ ሥራ እንዳናበዛብሽ አሏት፤ ሰው ከሰው ጋር ያለ አለስላሽ እንዴት ይኖራል አሏት። አንዱማ ማሽኑ ከጠፋ ወዲህ ቃሉ ሁሉ እንደሻከረበት ጻፈላት።

ትርንጎ ገመዱን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ «አብርቼዋለሁ» ብላ ጻፈች።

«ተመስገን፣ አሁን ቀለለን» አሉ። «እጅሽ ይባረክ።»