የመምህር ደመቀ የመጨረሻ «ያክ»

መምህር ደመቀ የሞተው በጭብጨባ መሃል ነው። ኮሶውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና «ያክ!» ብሎ ምላሱን አወጣ፤ ክፍሉም «ያክ!» ብሎ ተቀበለው። ጉሮሮውን ይዞ ተንበረከከ፤ አጨበጨቡለት። ተዘረረ፤ ፉጨቱ ቀሐ ወንዝ ድረስ ተሰማ። ጎንደር ከተቆረቆረች እንዲህ ያለ ተዋናይ አላየችም፤ ሞት ራሱ ጭብጨባው እስኪያባራ ተራ ሳይጠብቅ አልቀረም።

ኢንስፔክተር ፀደይ ያንን ቪዲዮ ከተማሪ ስልክ ላይ ደጋግማ እያየች ዓይኗ ደም መስሏል። ከአዲ አርቃይ እስከ ኮላ ድባ ሌባ ስሟን ሲሰማ የሰረቀውን በሬ፣ ሣር ጨምሮ፣ በረት የሚመልስላት ሴት፣ ዛሬ በአንዲት ጭላጭ ኮሶ ተሸንፋለች። መምህሩን የገደለው መርዝ የተገኘው በጠጣበት ኩባያ ብቻ ነው። አለቃዋ ኮማንደሩ ግን ኮሶውን ያፈላችውን የትምህርት ቤቱን ሻይ አፍይ፣ ለተ ማርያምን፣ አስረዋል። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

«ድስቱ እኮ ንጹሕ ነው፣ ኮማንደር!» አለች በስልክ።

«ኩባያው ንጹሕ አይደለም። ቀድታ የሰጠችው እሷ ናት። በቃ!» ስልኩ ተዘጋ።

«ኤጭ!» አለች ፀደይ፤ ጠረጴዛውን በጡጫ ስትለው ስልኩ ዘለለ።

የሟች ሚስትም የትምህርት ቤቱ ሥራ አስኪያጅም የሆኑት ወይዘሮ እጅጋየሁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጠበቋት።

«ይሄ ትምህርት ምንድን ነው፣ ወይዘሮ?»

«ፈረንጅ ሲጸየፍ የሚለው ነዋ! እኛ በአንድ ‹ኤጭ› የምንገላገለውን እነሱ ከፋፍለውታል። የቀመሱት ሲያስጠላ ‹ያክ›፣ ያሸተቱት ወይ ያዩት ሲቀፍ ‹ኢው›፣ ሲሰለቻቸው ‹አግ›። ደሜ ይህን በኮሶ ሲያስተምር አገር ይጎርፍ ነበር!»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ኮሶ በጠጣ ቁጥር አልጋ እለይበታለሁ። ይገማላ! አንቺ ብትሆኚስ? ይልቅ ያቺን ሻይ አፍይ እንዳትለቂብኝ፤ እሷ ናት የገደለችው።»

«ስትገድለው አይተዋል?»

«ምን ልሁን ብዬ ክፍሉ ውስጥ እገባለሁ? ማስታወክ አምሮኝ?»

ረዳት መምህሩ ኪሩ ደግሞ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ መለሰ።

«እኔ ነኝ ከለተ ማርያም ተቀብዬ ያቀረብሁለት። ግን ቀምሼዋለሁ! እንደ ጠጅ ቤት አሳላፊ በመዳፌ ጠብ አድርጌ፣ ሁሌ እንደማደርገው። ተማሪው የሚስቀው በዚያ ነው። መርዝ እንዳለበት ባውቅ እቀምሳለሁ?»

«ቀልዱን ማን ፈጠረው?»

«ትምህርቱንም ቀልዱንም እኔ።» ፈገግ አለ። «ከተማው ግን የሚያውቀኝ ‹አሳላፊው› ብሎ ነው።»

እውነትም ቪዲዮው ላይ መዳፉ አፉ ጋ ደርሷል። ፀደይ እየተቃጠለች ጣቢያ ተመለሰች። ለተ ማርያም የቀሚሷ ደረት በጡት ወተት ርሶ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«አፍልቼ፣ ቀድቼ ለኪሩ ሰጠሁት፣ የኔ እህት። ልጄ ጎረቤት ነው፤ ጡጦ አይዝም። ሌላ ምን ልበልሽ?»

ፀደይ ወደ ቢሮዋ ሮጠች። የደመቀን የድሮ ትምህርቶች ቪዲዮ ሁሉ አስመጣችና ከመጨረሻው ጋር እያስተያየች ትፈትሽ ጀመር። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነፍሷን አወጣት። ድንገት ግን ከወንበሯ ተነሣች፤ ታሽጎ ከነበረው ክፍል አንድ ነገር ወደ ላቦራቶሪ ላከች። መልሱ እስኪመጣ ጥፍሯን ጨርሳ ጣቷን ልትጀምር ነበር።

መልሱ እንደ ደረሳት ሁሉንም መምህሩ የሞተበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ኮማንደሩን፣ ወይዘሮዋን፣ ኪሩን፣ በካቴና የታሰረችውን ለተ ማርያምን። አዲስ የፈላ ኮሶ አቀረበች።

«ንጹሕ ነው፤ ይኸው።» ራሷ ቀመሰች፤ ፊቷ እንደ ደረቀ ሎሚ ተጨማደደ። «ኪሩ፣ በተራህ እንደ ልማድህ።»

ኪሩ ኮማንደሩን አየ፤ ማምለጫ የለም። በመዳፉ ጠብ አድርጎ ላሰ። ምላሱ ተጎልጉሎ ወጣ፤ ዕንባው መጣ። «ያክ! ውሃ... ውሃ ስጡኝ!»

«በድሮዎቹ ቪዲዮዎች ሁሉ እንዲሁ ነህ። ደመቀ በሞተ ቀን ግን ከንፈርህ ገጥሟል፤ ውሃም አልለመንህም። ያልኸውም ‹ኢው› ነው። ያሸተተ ሰው እንጂ የቀመሰ አይለውም።»

«በአንድ ‹ኢው› ሰው አላስርም!» አሉ ኮማንደሩ።

«እኔም አላስርም፣ ጌታዬ። ግን ካልቀመሰ ጠብታው የት ሄደ ብዬ እጁን ተከተልሁ። ሰሌዳው ላይ ገና ምንም ሳይጻፍ፣ መጥረጊያ ጨርቁን አንሥቶ መዳፉን ጠረገ። መርዙ ጨርቁ ላይ ተገኝቷል። ለተ ማርያም ጨምራው ቢሆን ኖሮ፣ ኪሩ ሳያውቅ እንደ ወትሮው ይልሰው ነበር። ያልላሰው ስለሚያውቅ ነው፤ ከእሷ እጅ እስከ ደመቀ እጅ ደግሞ ኩባያውን ሌላ ማንም አልያዘውም።»

«የመርዙን ሽታ ደሜ እንዴት አላወቀም?» አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ።

«በሌላ ቀን ያስጠረጥር ነበር። በዚህ ክፍል ግን መግማት ትምህርት ነው።»

ኪሩ ወለሉን እያየ አፉን ጠረገ። «ቴሌቪዥን ሲጠራው ‹አሳላፊዬን ይዤ እመጣለሁ› አላቸው። እፊቴ! ሥራው የኔ፣ ምሬቱ የኔ፣ ስሙ ግን የሱ!»

ኮማንደሩ የካቴናውን ቁልፍ ለፀደይ አቀበሉ። ካቴናው ከለተ ማርያም እጅ ወደ ኪሩ እጅ ሲዞር ወይዘሮ እጅጋየሁ ተንደርድረው በር ላይ ደረሱባት።

«ለተ፣ ማኪናዬ ውጭ ነው። ልጅሽ ጋ ላድርስሽ።»

ለተ ማርያም የተላጠ የእጅ አንጓዋን እያሻሸች አንድ አፍታ አየቻቸው።

«በእግሬ እደርሳለሁ፣ እትዬ» አለችና ሮጠች።