ለነፋስ የተሰነዘረ ቡጢ

ሟቹ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። የጭንቅላቱ ኋላ የቴሌቪዥኑን ብረት ማስቀመጫ ጠርዝ መትቶ፣ ደሙ ወለሉ ላይ ደርቋል። በወጣትነቱ ቦክሰኛ ሳለ ማንም ሊመታው ስላልቻለ «ነፋሱ» የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙ እስከ እርጅናው አልተለየውም።

መርማሪዋ ተንበረከከች። ቀኝ መንጋጋው ላይ ጠቁሮ ያበጠ ነገር አለ።

«ጠዋት ስመጣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» አለች እህቱ በሩ ላይ ቆማ። «ወድቆ ነው ብዬ ነበር። ጎረቤት ግን በየሳምንቱ ቡጢ አብሮት የሚያየው ልብስ ሰፊ ትናንት 'አንገትህን ነው የማንቀው' ሲለው ሰማን አሉ፤ ጣቢያ ወሰዱት። እሱ እኮ ዝንብ አይገድልም! ሚስቱ ይኸው ልጆቿን ይዛ ውጭ ቆማለች።»

መርማሪዋ ዙሪያዋን አየች። ሁለት ወንበሮች ግድግዳው ጥግ ተደራርበዋል። ሌሎች ሁለት ቴሌቪዥኑ ፊት ጎን ለጎን ናቸው፤ በስተቀኝ ያለው ትራስ አለው። የቪዲዮ ማጫወቻው ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት ካሴት ተገኘ።

ልብስ ሰፊው ጣቢያ ውስጥ አጎንብሶ ተቀምጧል። የግራ እጁ ጣቶች በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«ምን አጣላችሁ?»

«ቡጢ ነዋ! ሌላ ምን አለን? ዙሩን ሁሉ አሸንፎ ተመልካች ያፏጨበትን አንድ ቦክሰኛ ያደንቅልኛል። እኔ ደግሞ ሰው ሳያስደስቱ ማሸነፍ ቁልፍ የሌለው ኮት ነው አልኩት።»

«እንቅሃለሁም ብለውታል።»

«በየሳምንቱ እለዋለሁ። እሱም 'መጀመሪያ ያዘኝ' ይለኛል።» በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን አየ። «ማን ይይዘዋል እሱን?»

«ጣትዎ ምን ሆነ?»

«ያ የልብስ መኪና ወጋኝ። ከሰኞ ጀምሮ መጨበጥ አቅቶኛል።»

«የራሱን ግጥሚያ አሳይቷችሁ ያውቃል?»

«ኧረ የለውም! ካሴቱ ተቃጥሏል ነው የሚለን።»

ቀጥላ ጡረተኛውን የስፖርት ጋዜጠኛ አገኘች። ያለ ከዘራ አይቆምም፤ እጁም ይንቀጠቀጣል።

«ድምፁን ዘግተን ነው የምናየው፣ ልጄ። 'የጋዜጠኛ ምላስ ስንቱን ጎበዝ ቀበረ' ይለኛል፣ እኔኑ ፊት ለፊት! ዕድሜዬን ሙሉ በአፌ ያደርኩትን ሰውዬ!» ሊስቅ ሞከረና ተወው።

«ትናንት ማን ቀረ?»

«ማንም። እንደ ልማዳችን ወንበሮቻችንን ጥግ ደርድረን አብረን ወጣን። የእሱን ብቻ ነው የምንተወው። ሁሌም ቀኝ ዳር ነው የሚቀመጠው፤ ሌላ ሰው አያስቀምጥበትም።»

ሦስተኛው ወዳጅ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ «ግንቡ» ይሉታል። ሻይ እየጠጣ አገኘችው። ግራ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ በቀኙ ብርጭቆውን ሲያነሳ ሻዩ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። የመጋዘኑ ቁልፍ ግን በግራ ወገቡ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ከሁሉም የሚገባውን ክብር ያላገኘው ቦክሰኛ ማነው ይላሉ?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ነፋሱ ራሱ» አለ። «አንድም ሳያስነካ አሸነፈ። አዳራሹ ግን እያፏጨ ወጣ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው። ልብስ ሰፊው ከፖሊስ ጋር መጣ። ካሴቱን ከፈተችው፤ ድምፁን ዘጋችው።

አንድ ቀጭን ወጣት ብቅ አለ። ትከሻው የሰፋ ግራኝ ይሰነዝርበታል፤ ቀጭኑ ራሱን ዘንበል ያደርጋል፣ ቡጢው ባዶ አየር ይመታል። ደግሞ ይሰነዝራል፤ ደግሞ ባዶ።

«ተቃጥሏል አላለንም እንዴ?» አለ ጋዜጠኛው።

«ዋሽቷችኋል» አለች መርማሪዋ። «ተሸናፊው በወዳጆቹ ፊት እንዳያፍር ብሎ ነው። ትናንት ግን አውጥቶታል። እናንተ ወንበሮቻችሁን ጥግ አድርጋችሁ ወጥታችኋል፤ ዛሬ ጠዋት አንዱ ወንበር ተመልሶ ከእሱ ወንበር አጠገብ ነበር። ይህን ካሴት ከማን ጋር ያየዋል? ውስጡ ካለው ሰው ጋር ብቻ።»

ቴሌቪዥኑን ትታ ወደ ሦስቱ ዞረች።

«ቀኝ መንጋጋው ላይ ያረፈው ቡጢ ፊት ለፊቱ ከቆመ ሰው ግራ እጅ የመጣ ነው። ልብስ ሰፊው ግራውን መጨበጥ አይችልም። እርስዎ ያለ ከዘራ አይቆሙም። ጋሼ ግንቡ፣ ግራኝ ሆነው ሳለ ዛሬ ሻይዎን በቀኝዎ ነው የጠጡት። እጅዎን ያሳዩኝ።»

ግንቡ እጁን ከኪሱ አወጣ። አንጓዎቹ አብጠዋል።

«እሱ ነው ተመለስ ያለኝ» አለ። «ሰዎቹ ሲሄዱ ና፣ የማሳይህ አለኝ አለኝ። አየነው። ከዚያ ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመና 'የሚገባህን ክብር ያላገኘኸውስ አንተ ነህ፤ ሁሉን ዙር እየተሸነፍክ አንዴ እንኳ ወደ ኋላ አላልክም' አለኝ። ያዘነልኝ መሰለኝ። ከሽንፈቱ ይልቅ ማዘኑ አቃጠለኝ።»

«ሰነዘሩ።»

«አይነካውማ! ስሰነዝር ስስተው ነው የኖርኩት። ይሸሻል ብዬ ነው እኮ…» ወደ ሟቹ እህት ዞረ። «ለምን አልሸሸም?»

«አላየውም» አለች መርማሪዋ። «ሁልጊዜ ቀኝ ዳር የሚቀመጠው ሁላችሁም በግራው በኩል እንድትሆኑለት ነው። እትዬ፣ ቀኝ ዓይኑ ያይ ነበር?»

እህቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ሦስት ዓመት ሆነው። ማንም እንዳይሰማ አስምሎኛል። 'ካወቁ ያዝኑልኛል' አለኝ።»

ልብስ ሰፊው ፊቱን በፋሻ በተጠቀለለው እጁ ሸፈነ። ውጭ የቆመችው ሚስቱ እንድትገባ ፖሊሱ ምልክት ሰጣት።

ግንቡ ቴሌቪዥኑን እያየ ነበር። «ዙሩ እስኪያልቅ ልየው?»

መርማሪዋ ከፊቱ ዞር አለችለት። እሱ በግራ በኩል ባለው ወንበር ተቀመጠ፤ ትራሱ ያለበት ባዶውን ጎኑ ቀረ። በቴሌቪዥኑ ድምፅ አልባ አዳራሽ ውስጥ ተመልካቹ እየተነሳ ይወጣል። ሁለቱ ወጣቶች ግን ማንም ሳያያቸው፣ አንዱ እየሰነዘረ አንዱ እየሸሸ፣ አብረው ይዞራሉ።