ላስቲክ የነካው ቅጠል

ኦቦ ዲሪርሳ ሱሉልታ ባለው ጓሯቸው፣ ከጋርዴኒያ አበባቸው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ሲገኙ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነበር። ያገኘቻቸው አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ዱርሲቱ ናት፤ ቡራዩ ለቅሶ አድራ ማለዳ ስትመለስ። ኢንስፔክተር ላሊሴ ስትደርስ የአባቷን እግር አቅፋ «አባኮ! አባኮ!» ትላለች፤ የሚያስለቅቃት ሰው ጠፍቷል።

ሟቹ ማጅራታቸው ተፈንክቷል። ደም የነካው የአትክልት መደቡ ድንጋይ ግን ራቅ ብሎ ነው ያለው። ላሊሴ ጎንበስ ብላ ጣቶቻቸውን አየች፤ ጥፍሮቻቸው አፈር ሞልተዋል።

ፖሊሶቹ ጎረቤቱን ጋሽ ካሳሁንን ይዘዋቸዋል። ያለፈው ቀን ጠዋት ሁለቱ ሽማግሌዎች በአጥር ሥር ስለሚያልፍ ቦይ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሰምቷል።

«ተቆጥተው ነበር?» አለቻቸው ላሊሴ።

«ተቆጣሁ። ጎረቤት አይቆጣም? ግን እጄን አላነሳሁም» አሉ። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት ልሞት ነው?»

የሟቹ ወንድ ልጅ ኢብሳ ከኮዬ ፈጬ መጥቷል። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ትናንት ጠይቄያቸው ገና በጊዜ ተመለስኩ። ማታ የዕድር ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል። አባቴ ሲመሽ አበባቸውን አልብሰው የለ? እስከዚያ ደህና ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከካሳሁን በቀር ማን አጠገባቸው ነበር?»

ላሊሴ ስለ አበባው አልጠየቀችውም ነበር።

ወደ ጓሮው ተመለሰች። ጋርዴኒያው ብርድ አይችልም፤ ሟች ሚስታቸው የተከሉት ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፣ ነጭ አበባው ሲፈነዳ መንገደኛውን ያቆማል። ሽማግሌው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ላስቲክ ያለብሱታል፣ ጠዋት ይገልጡታል። ላሊሴ ላስቲኩን አነሳችው። የተጣበቁበት ቅጠሎች ሁሉ ጠቁረዋል።

«እነዚያስ?» አለች፣ ግድግዳው ላይ የተደገፉትን አራት ባላዎች እያሳየች።

ዱርሲቱ እንባዋን ጠረገች። «ላስቲኩን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ላስቲክ የነካውን ቅጠል ውርጭ ያቃጥለዋል። አባቴ እነሱን ሳይተክሉ አልብሰውት አያውቁም።»

ከቀብር መልስ ላሊሴ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አበባውን ያለበሱት ኦቦ ዲሪርሳ አይደሉም» አለች። «እስኪመሽ ደህና እንደነበሩ እንዲመስል ሌላ ሰው ነው ያለበሰው። ዱርሲቱ ብትሆን ባላዎቹን ትተክል ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ ቡራዩ ነበረች። ጋሽ ካሳሁን በየምሽቱ በአጥሩ በኩል ያዩታል፤ እሳቸውም ባላውን አይረሱም። ከዚህም በላይ፣ እንዲህ ማስመሰል የሚጠቅመው ሲመሽ ሩቅ የነበረን ሰው ነው። መልበሱን የሰማ፣ ግን እንዴት እንደሚለብስ አይቶ የማያውቅ ሰው። ኢብሳ፣ አንተ የምትመጣው በቀን ነው፤ የምትሄደውም በቀን።»

ኢብሳ ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ።

«የተከራየነውን ቤት ልቀቁ ተባልን» አለ። «ሕፃን ልጄን ይዤ የት ልግባ? ጓሮው ላይ አንዲት ክፍል ልሥራ ብዬ ለመንኳቸው። ‹የእናትህን አበባ ነቅለህ?› አሉኝ። ገፋኋቸው... መግደል አልፈለግኩም! ወደቁ፣ ዝም አሉ። በቃ ሞቱ አልኩ።»

«አልሞቱም ነበር» አለች ላሊሴ፤ ይህን እስከዚያ ሰዓት ለማንም አልተናገረችም። «ሐኪሙ እንዳለው ድንጋዩ አልገደላቸውም። ነፍስ ዘርተው እየዳሁ እስከ አበባው ደርሰዋል። የገደላቸው የሌሊቱ ብርድ ነው።»

ኢብሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዱርሲቱ ወንድሟን አላየችውም።

«ታዲያ ሰው አልጠሩም?» አለች። «እንዴት አንድ ሰው እንኳ አይሰማቸውም?»

ፖሊሶቹ ኢብሳን ይዘው ወጡ። ላሊሴ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሽ ካሳሁን፣ ነፃ ነዎት። ቤትዎ ይግቡ።»

ጋሽ ካሳሁን አልተነሱም።

«ሲመሻሽ ስሜን ሲጠሩ ሰምቼ ነበር» አሉ። «አኩርፌ ዝም አልኩ።»