የበየነ ረድፍ

ከምድር ከወጣች አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሆናት «ርብ» በተባለችው መርከብ ውስጥ ሰኞ ጠዋት የሚጀምረው በውሃ ድልድል ነው። ሙሉወርቅ በመስኮቱ የሚታየውን ቀይ ፕላኔት ቀና ብላ ሳታይ መነጽሯን ጠረገችና መጠይቋን ላከች። መጠይቅ የሚሉት ለመረጃ ቋቱ የሚጻፈውን ትእዛዝ ነው። የእሷ መጠይቅ በመዝገቡ ያሉትን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስሞች እያንዳንዳቸውን ከሳምንቱ ሰባት ቀናት ጋር እያጣመረ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ አራት ረድፍ ያወጣል፤ ከዚያም የታንከሩን ውሃ ለሁሉም እኩል ያካፍላል። ቧንቧው የሚከፈተው ባለስሙ ጣቱን ሲያስነካ ብቻ ነው።

ማጣሪያው ከተበላሸ ወዲህ የአንድ ሰው ድርሻ በቀን ከሃያ ሊትር ወደ አሥራ ሁለት ወርዷል።

«እትዬ ሙሉወርቅ፣ አልበቃኝም» አለች ስንዱ በሩ ላይ ቆማ። የሃያ ቀን ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋታለች። «ትናንት ገላዋን ሳላጥባት ዋለች።»

«ስሟ መዝገብ ላይ ቢኖር…»

«ሳትጠመቅ?» ስንዱ ደነገጠች። በርብ ሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ሳትነሳ ስሟ አይጻፍም፤ ስም የሌለው ደግሞ ድርሻ የለውም።

የቧንቧ ኃላፊው ጥጋቡ ከኋላዋ ብቅ አለ። «ከእኔ ድርሻ እንዳላካፍልሽ እኔም መሽተት ጀምሬያለሁ። እትዬ፣ መለኪያውም አብዷል መሰለኝ። በየቀኑ አሥራ ሁለት ሊትር ይተርፋል ይላል። ሰው እየተጠማ ውሃ የሚተርፈው የት አገር ነው?»

«እስቲ ልየው።»

ሙሉወርቅ ድርሻ እያላቸው ቧንቧ ያልከፈቱትን እንዲያወጣ ሌላ መጠይቅ ጻፈች። ሰባት ረድፍ መጣ። በሰባቱም ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ በየነ አጥናፉ።

ጥጋቡ ጎንበስ ብሎ አነበበ። መለኪያው ደህና ነበር።

በርብ የሞተ ሰው ስም እስከ ሙት ዓመቱ ይቆያል፤ ከዚያ የሚሰርዘው የቤተሰቡ እጅ ብቻ ነው። የሙሉወርቅ ባል በየነ ካረፈ አራት ዓመት አልፎታል። ታንከሩ ሙሉ በነበረ ጊዜ፣ አንድ ስም ቢቆይ ማንንም አይጎዳም ብላ ነበር። ሰኞ ሰኞ ከሌሎቹ መሃል ሲወጣ ታየውና ታልፈዋለች። ያ ብቻ ነው።

«ሌላ ቀን ይሁን፣ እትዬ» አለ ጥጋቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልጅቷ መታጠብ ያለባት ዛሬ ነው። ስንዱ፣ ጣትሽን አምጪ።»

«በሙት ስም ውሃ ልቅዳ?»

«በበየነ ስም ነው የምትቀጂው። እሱ ቢኖር ተሸክሞ ያመጣልሽ ነበር።»

ስሙን ሳትሰርዝ የስንዱን አሻራ ከረድፉ ጋር አያያዘችው።

ስድሳ ቀን እንዲህ አለፈ። ስንዱ ልጇን ባጠበች ቁጥር «ጋሽ በየነን አመስግኚ!» ትላታለች፤ ሕፃኗ ትንፈራገጣለች፤ በአጠገባቸው የምታልፈው ሙሉወርቅ ፈገግ ትላለች።

ከክርስትናው ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሙሉወርቅ የባሏን ስም በገዛ እጇ ሰረዘች፤ በቦታውም የሕፃኗን ስም «ፍሬሰላም» ብላ ጻፈች። መጠይቁን ላከች። መሣሪያው የረድፉን ብዛት ካለፈው ሳምንት ጋር አመሳክሮ መለሰ፦

«1484 ረድፍ። ለውጥ የለም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ቁርሷን ልትበላ ወጣች።