በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ሰው

መርማሪ ኢሞጂን ፕሩት ወደ ክፍሉ ስትገባ አቼቶ አቼቶ ሸተታት። ውጭው የሜምፊስ ሐምሌ ነው፤ አመሻሹ እንኳ ያቃጥላል። ዴልበርት ክራውስ በሥራ ወንበሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው የማይክራፎን ማቆሚያ ብረት አጠገቡ ወድቋል።

ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የድሮ የአሜሪካ ዘፈኖች የተቀዱባቸውን የቴፕ ክሮች ከየምድር ቤቱና ከየቆሻሻው እየለቀመ፣ እያጸዳና እየጠገነ እንደገና በሸክላ እንዲታተሙ አድርጓል። ስሙን ግን የሚያውቀው አልነበረም። በሸክላዎቹ ጀርባ «ፕሮዲውሰር፦ ጎርደን ላሲተር» የሚል ወፍራም ጽሑፍ ይወጣል፤ ከግርጌው ጉንዳን በምታክል ፊደል «ክር ጠጋኝ፦ ዴ. ክራውስ» ይባላል። እንዲህ ያለ ግፍ በየሸክላው ጀርባ ሞልቷል፤ የሚያነበው ግን የለም።

ጥግ ላይ አንድ የአትክልት ማድረቂያ እያጉረመረመ ነው። ውስጡ የክር ጥቅል ተቀምጧል። መዞሪያው ሊያበቃ ሁለት ሰዓት እንደቀረው ያሳያል።

«ሰውየው ፖም ያደርቅ ነበር እንዴ?» አለች ፕሩት።

ሉሲል ብራንት በሩ ላይ ቆማለች። ከዴልበርት ጋር ሃያ ዓመት የሠራች የድምፅ ባለሙያ ናት፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነች።

«ክር ነው የሚያደርቅበት» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «አንዳንድ ክር እርጥበት ይጠጣና ሙጫ ይሆናል። ሳይሞቅ ካጫወቱት ይላጣል። ስምንት ሰዓት ያህል ያሞቀዋል። ሁልጊዜ ስምንት ነው፤ ከፍ ዝቅ የለውም።»

ከፕሩት ጋር የመጣው ሳጅን በጣቱ ቆጠረ። «አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ቀርቶታል፣ ስድስቱ አልፏል። እንግዲያው ቀትር ላይ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ሐኪሙም ከጠዋቱ ሦስት እስከ ሰባት ባለው ጊዜ ሞቷል ብሏል። ጎረቤት ደግሞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ሴት በሩን ስትደበድብና ስትሳደብ አይታለች። አለቀ፤ ገዳይዋ ተገኘች።»

«እስቲ ቀስ በል» አለችው ፕሩት። በጓንት ጥቅሉን አወጣች። አቼቶ የሸተተው እሱ ነው። ጫፉ እንደ ደረቀ ቅጠል ተኮማትሯል። ባዶ ካርቶኑ ላይ «ቨርሊን ታርቨር፣ 1956» ተጽፏል። ከማድረቂያው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በዴልበርት እጅ የተጻፈች ካርድ ተለጥፋለች፦ «መጀመሪያ ወደ ብርሃን!»

ክሩን ወደ አምፖሉ አነሳችው። ብርሃኑ በክሩ ውስጥ ሻይ መስሎ አለፈ። ከዚያ ወደ ካርቶኑ መለሰችው።

በሩን የደበደበችው ኦዴሳ ታርቨር ነበረች፤ የዘፋኟ የቨርሊን ልጅ። ፕሩት ስትጠይቃት አልካደችም።

«ሄጃለሁ! ሌባ ብዬዋለሁ! አልከፈተልኝም» አለች። «እናቴ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። በ1956 የዘፈነችው በሌላ ሴት ስምና ፎቶ ተሸጦ አገር ሲያስጨፍር፣ እሷ የሰው ልብስ ስታጥብ ኖራለች። ድምፁ የሷ ለመሆኑ ያለው ማስረጃ ያ ክር ብቻ ነው። ከስድስት ወር በፊት ዴልበርት መጥቶ ‹ስምሽን አስመልሳለሁ› ብሎ ወሰደባት። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አጠፋ። ክሩ የታለ?»

«ማድረቂያ ውስጥ ነው የተገኘው።»

«የምን ማድረቂያ?» ኦዴሳ አፈጠጠች። «የእናቴን ድምፅ ጠበሰው?»

ጎርደን ላሲተር ግን መርማሪዋን የተቀበላት በቢሮው፣ በአዲስ የነሐስ ሽልማት ፊት ነው። «የአሜሪካን ዘፈን ላዳነ» ይላል ጽሑፉ። ሽልማቱን የተቀበለው ያንኑ ቀን ነው፤ ከረፋዱ አምስት እስከ አሥር ሰዓት ሃምሳ ሰው ፊት ሲበላና ሲጨበጨብለት ውሏል። ፕሩት «እርስዎ» እያለችው እሱ «አንቺ» ይላታል።

«ዴልበርት ጥሩ እጅ ነበረው። ጭንቅላቱ እኔ ነበርኩ።»

«ክሮቹን እርስዎም ይጠግናሉ?»

«ያስተማረው ማን ይመስልሻል? በሸክላዎቼ ጀርባ ስለ ማድረቂያው የተጻፈውን አንብቢ፤ ፊርማው የኔ ነው። ይልቅ ጎረቤት የሚያወራላትን ያቺን ተሳዳቢ እሰሪና ልረፍ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፕሩት ሦስቱንም ዴልበርት በሞተበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ኦዴሳ ላሲተርን፣ ላሲተር ሰዓቱን፣ ሉሲል መሬቱን ያያሉ።

ፕሩት ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል አንስታ ለላሲተር ሰጠችው። «በ1950ዎቹ የተቀዳ ነው። ዛሬ ሊያሰሙን ቢፈልጉ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

ላሲተር እንደ ሐብሐብ መዘነው። «ይህን ያህል ካረጀማ ቀጥታ ማድረቂያ ነዋ። ስምንት ሰዓት።»

«አይሆንም!» ሉሲል ከእጁ ነጠቀችውና ወደ አምፖሉ አነሳችው። «መጀመሪያ ወደ ብርሃን! ብርሃን ካሳለፈ የጥንቱ ዓይነት ነው፤ ሙቀት ይገድለዋል። የሚደርቀው ብርሃን የማያሳልፈው፣ የኋለኛው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ክር አይነካም!»

«የታርቨር ክርም ብርሃን ያሳልፋል» አለች ፕሩት። «እንግዲያው ማድረቂያው ውስጥ የከተተው ዴልበርት አይደለም፤ ካርዱን የጻፈው ራሱ ነው። ሉሲል፣ አንቺም አይደለሽም። ገዳዩ ዴልበርትን ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ገደለና ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ክር ከተተ። መዞሪያውን አሥር ላይ አደረገው። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ ስምንት ነው ብለን ወደ ኋላ ቆጠርንና ቀትር ላይ ደረስን።»

«ይህቺስ?» ላሲተር ወደ ኦዴሳ ጠቆመ። «እሷም እኮ ስለ ክር ምንም አታውቅም!»

«ምንም። ስምንት ሰዓት መሆኑንም አታውቅም። ደግሞስ ቀትር ላይ በሩን ስትደበድብ የታየች ሴት፣ ሟቹ እስከ ቀትር እንደኖረ አስመስላ ራሷን ታሳስራለች? ሉሲልም ቀትር ላይ ቤቷ ብቻዋን ነበረች። ቀትር የሚጠቅመው አንድ ሰው ነው፤ ሃምሳ ምስክር ይዞ ምሳ ላይ የነበረው። ስምንቱን ያውቃል፣ ብርሃኑን አያውቅም።»

«ይኼ ተረት ነው! ማስረጃሽ የታለ?»

«መዞሪያው ተወልውሏል። ዴልበርት በየሳምንቱ የሚነካው ነገር ላይ የራሱ አሻራ እንኳ የለም።»

ኦዴሳ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ። «ሠላሳ ዓመት ፕሮዲውሰር ተብለህ ክር ከክር አትለይም? እናቴ እንኳ ካንተ ትሻላለች!»

የላሲተር ፊት ደም መሰለ። «ዝም በይ! ማን ነው የሸክላ ጀርባ የሚያነበው? ሠላሳ ዓመት በትንሿ ፊደል ኖሯል፤ ምን ሆነ? ጭራሽ በሽልማቴ ቀን፣ ዓይኔ እያየ፣ ስሜን በቀይ እርሳስ ይሰርዛል?»

ሉሲል ቀና አለች። «የቨርሊንን ሸክላ የሽፋን ናሙና እንዲያርመው ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ነበር። ሬሳውን ሳገኝ አልነበረም።»

«ስለ ቀይ እርሳስም ማንም አልነገረዎትም፣ ሚስተር ላሲተር» አለች ፕሩት። ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ናሙናውን በኋላ ከላሲተር መኪና ውስጥ አገኙት፤ ከፊት «ቨርሊን ታርቨር» ተብሎ ተጽፎበታል፣ ከጀርባ የላሲተር ስም ተሰርዟል። በምትኩ ዴልበርት የራሱን ስም ሊጽፍ ጀምሮ «ዴል» ላይ ቆሟል።

ሉሲል የተኮማተረውን ክር ሦስት ወር በጣቷ ስታቃና ከረመች። ከአሥራ ሁለቱ ዘፈን የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ለቨርሊን ታርቨር በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ እንዳለች ጆሮ ማዳመጫውን አደረጉላት። እስከ መጨረሻው ሰማች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር።» ከዚያ አለቀሰች። ያንን ትሁት ሰውዬ ጥሩልኝ፣ ላመስግነው አለች። ዴልበርት መሞቱን ገና አልነገሯትም ነበር።

በማግስቱ ኦዴሳ ማተሚያ ቤቱ ሄደች። ሠራተኛው የጀርባውን ጽሑፍ ቦታ እያሳያት ጠየቃት።

«የክር ጠጋኙን ስም እንደተለመደው ከታች በትንሿ ላድርገው?»

ኦዴሳ ያንን በር በጡጫ የደበደበችበትን ቀን አስታወሰች። ሰውየው ያን ጊዜ ሞቶ መሬት ላይ ነበር፤ እሷ ሌባ ስትለው።

«ከፊት አድርገው» አለች። «ከእናቴ ስም ሥር፣ በእናቴ ስም ልክ።»