ከመግፋት በፊት ሁለቴ

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲወራ ሰምቼ አምኜ አላውቅም፣ ቸርች ውስጥ ሰዎች ስላዩት ነገር ሲመሰክሩ እህቴ ሰናይት እያለቀሰች ስትሰማ እኔ ስልኬን እነካካ ነበር። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልንገርህ።

የመጨረሻው ደህና ቀን እሑድ ነበር። ሰናይት እዚህ ለንደን፣ ቶተንሃም የምትንከባከባቸው እማማ ለተብርሃን አሉ፣ በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ነርስ ነበሩ፣ አሁን ዊልቼር ላይ ናቸው። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላሳይዎ ብላ ቃል ገብታላቸው፣ ጉብኝቱንም ቡክ አድርጋ ነበር። ያን እሑድ ዊልቼሩን ዝም ብዬ ስገፋው እጄን መታችኝ።

«መጀመሪያ እጀታውን ሁለቴ አንኳኳ፣ ይደነግጣሉ። ሰው ናቸው እኮ፣ የገበያ ጋሪ አይደሉም።»

«ተዪው፣ ገና ለማጅ ሾፌር ነው» አሉ እማማ።

ማክሰኞ ሰናይት ሥራ ቦታ ወደቀች፣ አልተነሳችም። አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከቀብሩ በኋላ ፓርክ ሮያል መጋዘን ሺፍቴን ገብቼ ካርቶን ሳነሳ ዋልኩ። የጉብኝቱ ቀን ሲደርስ ግን ቃሏ እንዳይቀር ብዬ እማማን ይዤ መርከቡ ወዳለበት ወደብ፣ ፖርትስመዝ ሄድኩ።

መርከቡ ትልቅ ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም። እማማ ግድግዳውን እየዳበሱ «የእኛዋ የምጽዋ መርከብ እዚህ ውስጥ ብትገባ ትጠፋ ነበር» አሉ። አውሮፕላኖቹ ወደሚነሱበት ሜዳ ከመውጣታችን በፊት አንድ መርከበኛ የጆሮ መከላከያ አደለን፣ ለእማማ ሰጠ፣ ለእኔ ሰጠ፣ ከዚያ ሌላ አንስቶ ከጎኔ ወዳለው ባዶ ቦታ ዘረጋ። ትንሽ ቆየ። ይቅርታ ብሎ መለሰው። ተሳስቶ ነው አልኩ፣ እመነኝ፣ አሁንም እንደዚያ ማለት ነው የምፈልገው።

ላይ ስንደርስ ሄሊኮፕተር እየተነሳ ነበር፣ ጆሮዬ ተሸፍኗል፣ የራሴን ሳል እንኳ አልሰማም። ሁለቱም እጆቼ እጀታው ላይ ናቸው። ከዚያ፣ ኳ፣ ኳ። ብረቱ መዳፌ ሥር ሲነዝር ተሰማኝ። እማማ ለሰናይት እንደሚያደርጉት ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፣ እንሂድ ማለታቸው ነው።

ታች ወርደን ጆሯችንን ስንገልጥ «ዛሬስ አንኳኳህ፣ ጎበዝ» አሉኝ።

«እኔ አላንኳኳሁም፣ እማማ።»

ዞረው አላዩኝም። «እሺ» አሉ ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ደውዬ አልመጣም አልኩና እማማ ቤት ሄድኩ፣ ፋርማሲ ልውሰድዎ ብዬ። እጀታውን ያዝኩ። አላንኳኳሁም፣ አልገፋሁምም። እማማም ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። እንደዚያ ሆነን ጠበቅን።