ደረቁ መቀመጫ

ነገሩ የተበላሸው ያፌት ባዶ መቀመጫ ምሳ የጋበዘ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ተራ የባልና ሚስት ችግር ነበር፤ ተራ ችግር ደግሞ መፍትሔ አያጣም ብላ ረድኤት ታምን ነበር።

ብራስልስ የመጡት እሷ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር ነው። ያፌት አዲስ አበባ የነበረውን ሥራ ትቶ ተከትሏት መጣና መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማሸግ ጀመረ። የሚገናኙት በር ላይ ነበር፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ረድኤት የምትበላው ቆማ፣ ስልኳን እያየች፣ አንድ እጇን ጃኬቷ ውስጥ አስገብታ ነው። አንድ ቀን ያፌት ያቀረበላት ሳህን ሳይነካ ሲቀዘቅዝ አየና፣ «ረዱ፣ ወይ በሳምንት አንዴ እንኳ ቁጭ ብለን አብረን እንብላ፣ ወይ እኔ ሐምሌ ላይ አገሬ ልግባ» አላት። ሳይቆጣ መናገሩ አስደነገጣት። በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ አንድ ከተማ ለማየት የተስማሙት በዚህ ምክንያት ነው። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ይሳፈራሉ፣ ድርቆሽ ፍርፍር በምሳ ዕቃ ይይዛሉ፣ ያፌት ያየውን ሁሉ ፎቶ ያነሳል፣ እሷ ትቸኩላለች።

«ይኼ ድልድይ ከቅድሙ በምን ይለያል?»

«በቅድሙ ላይ አልተነጫነጭሽም ነበር።»

ብሩዥ የሄዱ ዕለት ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከቦዩ ዳር፣ አንድ አሮጌ ገዳም ግንብ ሥር፣ ረጅም የድንጋይ መቀመጫ አገኙ፤ ለብዙ ዘመን ሰው ስለተቀመጠበት ሦስት ቦታ ላይ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ሁለቱ ጎድጓዶች ውሃ አቁረዋል። ሦስተኛው፣ ከላዩ ጣሪያም ዛፍም ሳይኖር፣ ደረቅ ነበር። ረድኤት የሁለቱን ውሃ በሻርፗ ጠርጋ ተቀመጡ። ደረቁ ላይ መቀመጥ ይቻል ነበር፤ ለምን እንዳልተቀመጡበት ግን አንዳቸውም አላነሱም።

ያፌት ሰው ሳይጋብዝ መብላት የማይሆንለት ሰው ነው። አውቶቡስ ውስጥ እንኳ አማርኛ የማይገባቸውን ፈረንጆች «እንብላ» እያለ ያሳፍራታል። ያን ቀንም ምሳ ዕቃውን ከፈተና ወደ ደረቁ መቀመጫ ዞሮ ጎንበስ አለ።

«እንብላ፣ ጋሼ!»

«አታፍርም አንተ?» አለች እየሳቀች።

«አጠገቤ ተቀምጠው እያዩኝ እንዴት ልብላ? ኧረ በሞቴ፣ ጋሼ፣ ይቅመሱ እንጂ!» አለና አንድ ትልቅ ጉርሻ ደረቁ ድንጋይ ላይ አኖረ።

ፎቶ ሊነሱ እስከ ቦዩ ጠርዝ ሄደው ሲመለሱ ጉርሻው የለም። «ርግብ ናት» አለች ረድኤት። ፍርፋሪ አልቀረም፤ ቅባቱ የነካው ቦታ እንኳ ተልሶ እንደጸዳ ሳህን ያብረቀርቅ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮሎኝ ሄዱ። ካፌ ገብተው ሁለት ሻይ ሲያዙ አስተናጋጇ ሦስት ብርጭቆ አስቀምጣ ሄደች። ረድኤት ጠርታ ልትመልሰው ስትል ያፌት «ተዪው፣ ተሳስታ ነው» አላት። ቀጥሎ ካቴድራሉ ማማ ላይ ወጡ። ደረጃው እንደ ቡሽ መንቀያ የሚጠማዘዝ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ነው፤ ያፌት ከፊት እሷ ከኋላ ሆነው ሲወጡ፣ ቀጭኗ መስኮት አልፋ ቀጣይዋ እስክትመጣ ባለው ጨለማ ውስጥ፣ የያፌት ጫማ ከላይ፣ የራሷ ጫማ ከታች፣ በሁለቱ መሃል ደግሞ ጫማ ያላደረገ እግር ድንጋዩን ቀስ ብሎ ሲመታ ትሰማ ነበር፤ አበባው ተጥሎ ውሃው ብቻ የቀረበት የአበባ ማስቀመጫ የሚሸተው ዓይነት ሽታም ፊቷን ይመታት ጀመር። ቆመች። የያፌት ጫማም ቆመ። መሃል ያለው አንድ እርምጃ ጨምሮ ቆመ።

«ያፌት፣ ከኋላህ ማን አለ?»

«አንቺ ነሻ! ደከመሽ እንዴ?»

ማታ ሲመለሱ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ረድኤት በያፌት አንድ ጎን ተቀምጣለች፤ በሌላው ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ሻንጣ ታቅፈው የቆሙት ሰዎች ግን አንዳቸውም አላዩትም። ዋሻ ውስጥ ሲገቡና መብራቱ ሲጠፋ ረድኤት ማላመጥ ሰማች። አፉን ገጥሞ፣ ረጋ ብሎ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው ያላምጣል። እሷ በሕይወቷ እንደዚያ ተረጋግታ በልታ አታውቅም።

ቤት ገብታ ፎቶዎቹን አየች። በእያንዳንዱ ላይ ሁለቱ ተራርቀው ቆመዋል፤ መሃላቸው ሌላ ሰው የሚያስቆም ቦታ አለ። ያፌት ፊቱን ወደዚያ ባዶ ቦታ አዘንብሎ ይስቃል።

«ለምንድነው የማትጠጋኝ?»

«መሃል ላይ ሰው እያለ እንዴት ልጠጋ?»

«ምን አልክ?»

«ምን አልኩ?» አለ ያፌት፣ ከልቡ ግራ ተጋብቶ።

ከዚያ ወዲያ እንዳይጋብዝ ለመነችው። ለምና አታውቅም፤ አነጋገሯ ትእዛዝ መሰለ። ያፌት ግን አልተከፋም። ሰሞኑን የሚያስከፋው ነገር ጠፍቷል፤ ሐምሌን አያነሳም፣ ይዘፍናል፣ ሲበላ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። «አንዴ የጋበዝነውን እንግዳ ተነስ እንለዋለን እንዴ?» አለና ሳቀ። ሳቁ ደስ የሚል ነበር፤ ያስፈራትም እሱ ነው። እንዲህ እንዲስቅ ያደረገችው እሷ እንዳልሆነች ታውቃለች።

ስለዚህ ለሉክሰምበርጉ ጉዞ ምሳ ዕቃውን ደብቃ እቤት ተወችው። ምግብ ከሌለ ግብዣ የለም፤ ግብዣ ከሌለ እንግዳ የለም። ችግር የምትፈታው እንዲህ ነው።

ከተማው ሥር፣ ገደሉ ውስጥ፣ ወታደሮች በድሮ ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ አለ። ያፌት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ፍለጋ ቀድሟት ሄደ። ረድኤት ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ቀስ ብላ ተከተለች፤ አለቱ ያልባል፣ ከሩቅ ውሃ ጠብ ይላል፣ ያ የአበባ ውሃ ሽታ ደግሞ መጀመሪያ ስስ ሆኖ፣ ቀጥሎ ምላሷ ላይ እስኪሰማት ወፍሮ መጣ። አምፖሉ ብልጭ ብልጭ አለና ጠፋ። ጠዋት ምንም አልበላችም፤ ጨጓራዋ ይነክሳታል። በጨለማው ውስጥ እጅ ከንፈሯን ነካ። ድርቆሹን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውን አሸተተች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደተማረችው፣ አጉራሽ እጅ እንዳይመለስ፣ ሳታስብ አፏን ከፈተች። ያፌት የደበቅሁትን ምሳ ዕቃ አግኝቶ ሊያስገርመኝ ይዞት መጥቷል ማለት ነው አለች በልቧ፣ ፈገግ ብላ፣ እያላመጠች። ጉርሻው ቀዝቃዛ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ደረቷ ውስጥ መንገዱን ታውቀው ነበር።

«ረዱ!» አለ ያፌት ከሩቅ፣ ከዋሻው ጫፍ፣ በቀዳዳው ብርሃን ውስጥ ካሜራውን ይዞ። «ነይ እንጂ፣ እዚህ ሆኖ ወንዙ ይታያል!»

ጣቶቹ ገና ከንፈሯ ላይ ነበሩ።

ለሳምንት ያህል አልበላችም፤ መብላት አስጠላት፣ ረሃብም አልተሰማትም። በትምህርት ቤት መምህሯ ስም ስትጠራ አለፈቻት። አውቶቡስ ውስጥ ቲኬት ሊፈትሽ የመጣው ሰው የያፌትን ብቻ አይቶ አለፈ። ረድኤት ሰው ሁሉ ቸኩሏል አለች፤ መቸኮል የምታውቀው ነገር ነው።

ስትራስቡርግ ሲደርሱ ዝናቡ ጀመረ። ያፌት ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ ትንሽ ምግብ ቤት መረጠ። ክብ ጠረጴዛ ያዙ። አስተናጋጁ መጣና ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ። ሁለት! ረድኤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ተነፈሰች፤ ሄዷል፣ አበቃ፣ ቁጭ ብዬ ከባሌ ጋር እበላለሁ አለች። እጇን ወደ ብርጭቆዋ ዘረጋች። ብርጭቆው ፊቷ አልነበረም። አንዱ ያፌት ፊት፣ ሌላው ያፌት አጠገብ ካለው ወንበር ፊት ነው። አስተናጋጁ እየሄደ አንድ የረጠበ ጃንጥላ አነሳና ትከሻዋን ታኮ ወንበሯ መደገፊያ ላይ ሰቀለው።

«ያፌት።»

ያፌት ከቀረበለት ዳቦ ቆርሶ ወጡ ውስጥ ነከረ።

«ያፌት፣ እያየኸኝ ነው?»

እጁ በፊቷ አልፎ ወደ አጠገቡ ሄደ። ረድኤት ቀና ብላ ማየት አልቻለችም፤ ያየችው ጠረጴዛው ላይ ያረፈ እጅ ብቻ ነው፤ የራሷን ሰማያዊ ሹራብ እጅጌ፣ የራሷን የጋብቻ ቀለበት፣ ቀለበቱ ሥር ደግሞ እንደ ቆየ ድንጋይ የጎደጎደ ሥጋ።

«ዛሬ ደግሞ አልቸኮልሽም፣ ረዱ» አለ ያፌት፣ ድምፁ ለስልሶ።

«የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?» አለ የረድኤት ድምፅ። እሷ አፏን አልከፈተችም።

ያፌት ሳቀ። እንዲህ እንዲስቅላት ነበር ያን ሁሉ ከተማ ያየችው። ጮኸች፤ ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ሾርባ የሚጠጣው ሽማግሌ ማንኪያውን እንኳ አላቆመም። የያፌትን ክንድ ይዛ ጎተተች፤ ብርድ እንደተሰማው ሰው እጅጌውን አወረደ። አንዴ ደግሞ ጠበቀች፣ ምናልባት ዞር ቢል፣ ምናልባት «አንቺስ?» ቢል። ሰው ሳይጋብዝ መብላት የማይሆንለት ሰው ከሳህኑ ቀና አላለም። ያን ጊዜ ተነሳች።

ወጥታ በሩን ከኋላዋ ስትዘጋው ዝናቡ ጎዳናውን፣ አግዳሚውን፣ የቆሙትን ብስክሌቶች ሁሉ ያለብስ ነበር፤ ረድኤት ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠችና፣ በድንገት ክፉኛ ርቧት፣ የሚያልፍ ሰው «እንብላ» እስኪላት፣ ጠብታ ያልነካውን መዳፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ መጠበቅ ጀመረች።